የኮሪደሩ ሃያ ስምንት ዲግሪ

የምትኖሩበትን አካባቢ አየር የመለወጥ ሥልጣን ቢሰጣችሁ ምን ትለውጡ ነበር? ቶሎ መልሱ። ሰውየው ፎርሙን ይዞ ቆሟል፤ ላቡ ወረቀቱ ላይ እየተንጠባጠበ ነው፤ ከዚህ ክፍል ሮጦ መውጣት ያምረዋል።

ጥያቄው በራሱ ክፉ አይደለም። ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ለሚመልሰው ሰው እንዲያውም ደስ የሚል ጨዋታ ነው። ከማዘጋጃ ቤት የመጣው ይህ ጠና ያለ ሰው ግን ጥያቄውን ይዞ የገባው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ አሥራ አንድ ሴቶች የሆስፒታል አንሶላ በሚተኩሱበት ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ስድስት መስኮቶች አሉት፤ ስድስቱም በምስማር ተመትተዋል። በአንደኛው ጫፍ ትልቁ መተኮሻ ማሽን እንፋሎቱን ይተፋል፤ በሌላኛው ጫፍ ማድረቂያዎቹ ይሽከረከራሉ። በመካከላቸው ሴቶቹ አሉ።

«ማሽኑን ትንሽ ማቆም አይቻልም?» አለ ሰውየው ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«ማሽኑ ከቆመ አንሶላው ያርራል» አለችው ጸሐፊዋ። «እንዲሁ ይጠይቁን። ጆሯችን ሥራ ፈት ነው።»

ጸሐፊዋ ይሏታል እንጂ ሥራዋ እንደሌሎቹ አንሶላ መተኮስና ማጠፍ ነው። አሥረኛ ክፍል ደርሳለች፤ የእጅ ጽሕፈቷ ያምራል። የፈቃድ ማመልከቻ፣ የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ ለመሥሪያ ቤት የሚገባ አቤቱታ፣ የሁሉንም የምትጽፈው እሷ ስለሆነች ስሙ በዚያው ቀረ።

ሰውየው አነበበ። «ዝናብ፣ ሙቀት፣ ንፋስ፣ አቧራ። ከአራቱ አንዱን ትመርጣላችሁ፤ ከዚያ ምን ቢሆን እንደምትፈልጉ በአንድ ዓረፍተ ነገር። ውጤቱ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት በከተማው አዳራሽ ይነበባል።»

«የኔን ዝናብ በለው» አለች ከማሽኑ ወዲያ ያለችው፤ ወሬ ስለማያልቅባት ሬዲዮ የሚሏት ናት። «ስድስት ቀን የሰው ልብስ አጥቤ በሰባተኛው የራሴን ላጥብ ስል ሰማዩ ይጠቁራል። ሰማይ ላይ የሚጠብቀኝ ሰው አለ መሰለኝ።»

«ለኔ ንፋሱን» አለች አጠገቧ ያለችው። «ጣሪያዬን ወስዶብኛል። እሱን ይመልስልኝና ከዚያ በኋላ እንዳሻው ይንፈስ።»

«የወሰደው ቆርቆሮውን ብቻ ነው? ባልሽን ተወልሽ?»

«እሱንማ ቢወስድልኝ ፎርም ሳልሞላ አመሰግነው ነበር።»

ሴቶቹ ሳቁ። ሰውየውም ፈገግ አለና ወደ እትዬ ዞረ። እትዬ ከሁሉም ትልቅ ናቸው፤ አሥራ ስምንት ዓመት በዚህ ቤት ሠርተዋል፤ ጡረታ ለመውጣት አሥራ አራት ወር ቀርቷቸዋል። ከጸሐፊዋ ጋር ፊት ለፊት ቆመው አንሶላ ያጥፋሉ።

«እርስዎስ እማማ?»

«ይሄንን ለውጥልኝ» አሉ በአገጫቸው ክፍሉን እያሳዩ። «እዚህ ያለውን።»

«ይሄማ የቤት ውስጥ ሁኔታ ነው። እኛ የምንጠይቀው ስለ አካባቢው አየር ንብረት ነው።»

«እኔስ የምኖረው የት ሆነና ነው ልጄ? ከአንድ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚህ ነኝ። ከሰማዩ የማውቀው እንጀራ ፍለጋ ስወጣና ስገባ ያለችውን ነው።»

«ገብቶኛል። ግን ፎርሙ ላይ ቦታ የለውም።»

«ቦታ የለውም?»

«የለውም።»

ሰውየው «ሙቀት» የሚለው ላይ ምልክት አደረገና ከጎኑ «ቢቀንስ ደስ ይለኛል» ብሎ ጻፈላቸው። ከዚያ ፎርሞቹን ሰብስቦ ወጣ። በሩን ከኋላው ሲዘጋ ኮሪደሩ ላይ የተነፈሰው ትንፋሽ ክፍሉ ድረስ ተሰማ። ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆየም። አሥራ ስምንት ዓመት የቆየችውን ሴት ቦታ የለሽም ብሎ ለመመለስ ሩብ ሰዓት በቂ ነው።

መስኮቶቹ የተመቱት ባለፈው ዓመት ነው። ከልብስ አጠባ ድርጅቱ ጎን ያለው የጠጠር መንገድ የጭነት መኪና መተላለፊያ ሲሆን አቧራው እርጥብ አንሶላ ላይ እየተጣበቀ ሆስፒታሉ ሁለት ጊዜ ሙሉ ጭነት መለሰ። መንገዱን ውኃ ማርከፍከፍ ይቻል ነበር። መስኮቶቹ ላይ ወንፊት ማድረግ ይቻል ነበር። ምስማር ግን ርካሽ ነው።

ደንብ የለም እንዳትሉ፤ አለ። የክፍሉ ሙቀት ከሠላሳ አምስት ዲግሪ ካለፈ በየሰዓቱ ሃያ ደቂቃ ሥራ ይቆማል፤ ሠራተኞች አየር ወዳለበት ይወጣሉ ይላል። ደንቡን ያረቀቀው ሰው ደግ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ቴርሞሜትሩ የት ይሰቀል የሚለውን ግን አልጻፈውም። ቴርሞሜትሩ ዛሬ የተሰቀለው ከክፍሉ ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ከቀዝቃዛው የውኃ ቧንቧ አጠገብ ነው። ፀሐይ አይነካውም፤ የጓሮው በር በተከፈተ ቁጥር ነፋሻ አየር ያገኛል። ክፍሉ ውስጥ የሴቶቹ ጫማ ማጣበቂያ ቀልጦ ሶሉ ሲላቀቅ እሱ ሃያ ስምንት ይላል። በዚህ ቤት ውስጥ የሚመቸው ሠራተኛ እሱ ብቻ ነው።

አሁን ልትቆጡ ትችላላችሁ። ቴርሞሜትሩን ኮሪደር ላይ የሰቀለው የትኛው ጨካኝ ነው ልትሉ ትችላላችሁ። ሴቶቹ ናቸው።

የብርዱ ወራት ሲገባ ነበር። ደንቡ ሌላ አንቀጽ አለው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የክፍሉ አየር ከአሥራ አራት ዲግሪ በታች ከሆነ ሥራ በሁለት ሰዓት ይጀመራል። ክፍሉ የዋለበትን ሙቀት አቅፎ ስለሚያድር ከአሥራ ሰባት ወርዶ አያውቅም። ኮሪደሩ ግን በዚያ ሰዓት አሥራ አንድ ይሆናል። ይህን መጀመሪያ ያየችው ሬዲዮ ነበረች። ደብዳቤውን የጻፈችው ጸሐፊዋ ናት። በሚያምረው ጽሕፈቷ፣ «የኮሪደሩ አየር የመተኮሻ ክፍሉን አየር በትክክል የሚወክል በመሆኑ ቴርሞሜትሩ ወደዚያ እንዲዛወርልን በትሕትና እንጠይቃለን» ብላ ጻፈች። አሥሩ ፈረሙ። እትዬ ማንበብ ስለማይችሉ «ምን ይላል?» ብለው ጠየቁ። «ጠዋት አንድ ሰዓት እንቅልፍ ይጨምርልዎታል ይላል» አለቻቸው። «እንዲህ ከሆነማ» አሉና ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ።

ሥራ አስኪያጁ በማግስቱ ፈቀደ። በዚህ ቤት የሳሙና ጓንት ለማግኘት አራት ወር ይፈጃል፤ ይህ በአንድ ቀን ሲፈቀድ መጠርጠር ነበረባቸው። አልጠረጠሩም። ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ተኙ፣ ልጆቻቸውን አበጣጥረው ላኩ፣ አለቃን ሸወድን እያሉ ሳቁ። ብርዱ ሦስት ወር ነው። ሙቀቱ ዘጠኝ። ይህን ያላሰላ ሰው ሥራ አስኪያጁ አልነበረም።

ከአምስት ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ እትዬና ጸሐፊዋ ትልቁን አንሶላ በአራት ጥጉ ይዘው ሊያጥፉ ሲቀራረቡ፣ በጸሐፊዋ እጅ ላይ አንሶላው ላላ። ቀና ስትል ከአንሶላው ማዶ ሰው የለም።

እትዬ በጎናቸው ወድቀዋል። ፊታቸው ደርቋል፤ ላብ እንኳ የለውም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። ሬዲዮ ማሽኑን አጠፋች፤ አንሶላው አረረ፤ ማንም ዞሮ አላየውም። አራት ሆነው ተሸክመው ኮሪደሩ ላይ አስተኟቸው። በእርጥብ ፎጣ አንገታቸውንና ብብታቸውን አረሰረሷቸው።

«እትዬ፣ ይሰማዎታል?»

«አንሶላው መሬት ነካ?» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«ይንካ። አሁን ስለ አንሶላ ነው?»

«ነጭ ነው እኮ።»

አንሶላ የሚያደርሰው መኪና ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዳቸው። የታጠፉትን አንሶላዎች ወደ ጎን ገፋ አድርገው አስተኟቸው። ሾፌሩ ሊነሳ ሲል ተቆጣጣሪው ከኮሪደሩ ቴርሞሜትር ላይ አንብቦ ወረቀት ላይ ሲጽፍ ጸሐፊዋ አየችው።

ተቆጣጣሪው የባሏ ታላቅ ወንድም ነው። ሥራውን ያስገኘላት እሱ ነው። የጀርባ ሕመም ካልጋ ያዋላትን አማቷን የሚጦረውም እሱ ነው፤ ባሏ ሥራ ከፈታ ዓመት አልፎታል። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ምን ያህል በቀለለ።

«ምስክር ሆነሽ ፈርሚልኝ» አላት። «አጠገባቸው የነበርሽ አንቺ ነሽ።»

ሪፖርቱን አነበበችው። ሠራተኛዋ በሃያ ስምንት ዲግሪ መደበኛ የሥራ ሁኔታ ላይ እያሉ ቁርስ ባለመብላታቸው ራሳቸውን ስተው መውደቃቸውን፣ ይህም ለሦስተኛ ጊዜ መሆኑን ይገልጻል።

«ቁርስ በልተዋል። አብረን ነው የበላነው።»

«እሱን አወጣዋለሁ።»

«ሃያ ስምንቱንስ?»

እስክሪብቶውን ዘረጋላት።

«ሦስተኛ የሚለው ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ አይደል?»

ያውቃል። ሁሉም ያውቃል። እትዬ በዚህ ሙቀት ካሁን ቀደም ሁለት ጊዜ ወድቀዋል። በሥራው ሳይሆን በራሱ ሕመም ሦስት ጊዜ የወደቀ ሠራተኛ ለሥራው ብቁ አይደለም ተብሎ ይሰናበታል። እትዬ አሥራ አራት ወር ሲቀራቸው ያለ ጡረታ ቤታቸው ይገባሉ ማለት ነው። ወደዚያ የሚያደርሳቸው ደግሞ ይህ ቁጥር ነው።

«አንብቤ የጻፍኩት ያየሁትን ነው» አለ ተቆጣጣሪው። «ሌላ ቴርሞሜትር የለም።»

«ወደ ውስጥ አስገባውና አንብበው። ሁለት ምስማር ነው።»

«ደብዳቤያችሁ ፋይል ውስጥ ነው ያለው እህቴ። ያን ጊዜ ነቅዬ ያዛወርኩት በእጄ ነው። ክፍሉ አሥራ ሰባት እንደሆነ እያወቅኩ። ለማን ብዬ ነው? ለናንተ ብዬ አይደል?»

«ለኛ ብለህ ነው።»

«እንግዲያው አሁን ማጅራቴን አትያዥኝ። ቤት ውስጥ የምትጠብቀንን ሴትዮ አስቢያት።»

ወረቀቱን አልፈረመችም፤ አልመለሰችለትምም። አጥፋ ኪሷ ከተተችና የሥራ አስኪያጁን በር አንኳኳች።

ሥራ አስኪያጁ የሚጮህ ሰው አይደለም። ቢሮው መስኮት አለው፤ መስኮቱ ክፍት ነው፤ መጋረጃው ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። «ግቢ፣ ግቢ። እንዴት ናቸው እናታችን?» አላት። እናታችን። ጸሐፊዋ ይህን ቃል ስትሰማ ጥርሷን ነከሰች።

«ቴርሞሜትሩ ወደ ክፍሉ ይመለስልን» አለችው ቆማ። «ዛሬ። ሪፖርቱ ከመላኩ በፊት።»

መሳቢያውን ከፍቶ በፕላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት አወጣ። ሳይፈልግ ነው ያገኘው፤ ከላይ ነበር። ሙቀቱ ከገባ ጀምሮ ከላይ ሲጠብቃት ኖሯል።

«ጽሕፈትሽ በጣም ያምራል» አለ። «‹በትክክል የሚወክል በመሆኑ›። እኔ ብጽፈው እንዲህ አላሳምረውም። እስቲ ንገሪኝ፣ ኮሪደሩ ክፍሉን የሚወክለው ሲበርድ ብቻ ነው? ሲሞቅ ይተወዋል?»

«አይወክልም። ያን ጊዜም አይወክልም ነበር።»

«እንደሱ ብለሽ ጻፊልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«ዋሽተን ነበር ብለሽ። አሥራ አንዳችሁም ፈርማችሁ አምጡልኝና ዛሬውኑ አስመልሰዋለሁ። ከዚያ በሐሰት ሰነድ ሦስት ወር የሥራ ሰዓት ያጎደለ ሠራተኛ ምን እንደሚደረግ ደንቡ ራሱ ይነግረናል። ነቅሎ ያዛወረውንም ጭምር።» ፈገግ አለ። «እኔ ማንንም ማባረር አልፈልግም። እንዲህ ዓይነት ነገር ውስጥ አታስገቢኝ።»

አያችሁት? ወደ ፊት ብትሄድ አሥራ አንድ ሰው ይወድቃል፤ ተቆጣጣሪው አሥራ ሁለተኛ። ዝም ብትል እትዬ ብቻቸውን ይወድቃሉ። ግድግዳውን የሠራችው ራሷ ናት፤ በገዛ ጽሕፈቷ፤ ያውም በትሕትና። መስኮት መዝጋት የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው የሚዘጋው።

ሥራ አስኪያጁ ሌላ ወረቀት አቀበላት። «ዛሬ በአዳራሹ ውይይት ሠራተኞችን ወክለሽ የምታነቢው ይህን ነው። እኔም መድረኩ ላይ ነኝ፤ የአሠሪዎች ተወካይ ሆኜ። በስምንት ሰዓት ተኩል መኪና ይወስድሻል። ያን ሪፖርትም ፈርመሽ ስትመለሺ ትሰጪኛለሽ።»

ወረቀቱን ኮሪደሩ ላይ አነበበችው። የድርጅቱ ሠራተኞች ስለ አካባቢያቸው አየር ንብረት ከተጠየቁ በመንገድ ዳር ዛፍ እንዲተከል እንደሚመኙ፣ ድርጅቱም ሃምሳ ችግኝ ለመለገስ በመወሰኑ ኩራት እንደሚሰማቸው ይናገራል። አሥር መስመር ነው። ሙቀት የሚል ቃል የለበትም።

ምሳ ሰዓት ላይ ጓሮ ከታንከሩ ጥላ ሥር ተሰብስበው ነገረቻቸው። ማንም ምሳ ዕቃውን አልከፈተም።

«እትዬ እንዴት ናቸው?» አለች ባለ ጣሪያዋ።

«ግሉኮስ ሰጥተዋቸዋል። ሾፌሩ ሲመለስ አነጋግረውታል። ነገ እገባለሁ ብለውታል።»

«እግዜር ይርዳቸው፣ ነገ እገባለሁ ይላሉ?»

«ሪፖርቱ ከተላከ ነገ የለም» አለች ጸሐፊዋ። «ለዚህ ነው የሰበሰብኳችሁ። አዳራሹ ውስጥ እውነቱን ልናገር አስቤያለሁ።»

«የትኛውን እውነት?»

«ሁለቱንም። ክፍሉን። ደብዳቤውንም።»

መጀመሪያ የተናገረችው ሬዲዮ ናት፤ ድምጿ ላይ ጨዋታ አልነበረም።

«እኔ ብቻዬን ነኝ የማሳድጋቸው። ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ስማችንን ላትጠሪ ትችያለሽ?»

«እኔ ባልጠራው ደብዳቤው ላይ አለ።»

«እኮ። ታዲያ ምን ብለሽ ነው የምትጠይቂን? ልትገፊን ወስነሽ፣ ልግፋችሁ ወይ ትይናለሽ?»

«እውነቷን ነው» አለች ከጀርባ አንዷ። «የጻፍሽው አንቺ። ያነበብሽው አንቺ። አሁን ደግሞ የምትናዘዢውም አንቺ። እኛ መቼ ነው የምንጠየቀው?»

«አሁን ነው የጠየቅኋችሁ።»

«እንግዲያው አይሆንም እላለሁ። ሌላ ቦታ ላይ ሥራ አለ ብለሽ ነው? እህቴ ስድስት ወር ፈልጋለች።»

ጸሐፊዋ ተቆጣች። መቆጣት ደግሞ ታውቅበታለች። «ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት ስንተኛ የተቃወመ ሰው አላየሁም» አለች። «አንድ ሰዓቷን ሁላችንም ተኝተንባታል። ሴትዮዋ ምን እንደሚል እንኳ አያውቁትም ነበር። እኔ ነኝ እንቅልፍ ይጨምርልዎታል ያልኳቸው። አሁን ሒሳቡን እሳቸው ብቻ ይክፈሉ?»

«አትጩሂብን» አለች ባለ ጣሪያዋ ቀስ ብላ። «እኛን ጠላት አድርገሽ ከጀመርሽ እዚያ የተቀመጠውን ምን ልትይው ነው?»

ጸሐፊዋ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ሬዲዮ ምሳ ዕቃዋን ከፈተች፣ አየችው፣ መልሳ ዘጋችው።

«በሚቀጥለው የምወድቀው እኔ ነኝ» አለች። «ትናንት የማሽኑን ብረት ይዤ ነው የቆምኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ወሬ የማያልቅብኝ ሰው ይቺን ዋጥኳት።» ማንንም ሳታይ ተነሳች። «እኔ አዎም አይደለምም አላልኩሽም። ሂጂ። የምትይውን ስትይ ግን ሬዲዮ ደብዳቤውን ጫፍ ጫፉን ብቻ ነው ያነበበችው በይ።»

ሳቅ ቢጤ ተሰማ። ከዘጠኙ ሦስቱ በግልጽ እንቢ እንዳሉ ቀሩ። ጸሐፊዋ ፈቃድ አላገኘችም፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም።

ወደ አዳራሹ የወሰዳት ተቆጣጣሪው ነው። የመንገዱን እኩሌታ ተጓዙ። ከዚያ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ «ምን እንደምታነቢ አልጠይቅሽም» አላት።

«ባትጠይቀኝ ይሻላል።»

«ቤት አትምጪ አልልሽም። የወንድሜ ሚስት ነሽ። ግን ነገሩ ከተበላሸ እናታችንን የምትነግሪያት አንቺ ነሽ። እኔ አልችልም።»

«እነግራታለሁ።»

«መድኃኒቷ ከማለቁ በፊት ንገሪያት። ጊዜ እንድታገኝ።»

ይህን ያለው ለማስፈራራት አልነበረም። ለዚህ ነው ያቃጠላት።

አዳራሹ ውስጥ ስድስት ማራገቢያ ከጣሪያው ላይ ይዞራል። ሁለት መቶ የሚሆን ሰው ተቀምጧል፤ ነጋዴ፣ መምህር፣ ሾፌር፣ የሰፈር ሽማግሌ። መድረኩ ላይ አምስት ሰዎች አሉ፤ በእያንዳንዳቸው ፊት የታሸገ ውኃ ቆሟል። ጠዋት የመጣው ሰው ውጤቱን አነበበ። ከመቶ አርባ አንዱ አቧራው እንዲቀንስ፣ ሃያ ስድስቱ ዝናቡ በጊዜው እንዲመጣ፣ ሃያ ሁለቱ ሙቀቱ እንዲቀንስ፣ የቀሩት ስለ ንፋስ። ሰው አጨበጨበ። እትዬ ከሃያ ሁለቱ መካከል አንዷ ሆነዋል። እዚያ ቦታ አግኝተዋል።

ሥራ አስኪያጁ ስለ ዛፍ ተናገረ። ጥላ ስለሚሰጥ፣ ለልጅ ልጅ ስለሚተርፍ ዛፍ። አንደበቱ የተባ ነው። ከንግግሩ መጨረሻ ላይ «አሁን ደግሞ ሠራተኞቻችን ራሳቸው ይናገራሉ» ብሎ ወደ እሷ እጁን ዘረጋ።

ጸሐፊዋ ወደ ማይክራፎኑ ወጣች። የተሰጣትን ወረቀት ዘረጋች። «እኛ የድርጅቱ ሠራተኞች» ብላ አነበበች። ሁለተኛው መስመር ላይ ዓይኗ ቆመ። በመጨረሻው ወንበር በኩል ተቆጣጣሪው ቆሞ ያያታል። ወረቀቱን በጽሑፉ በኩል ወደ ታች ገልብጣ አስቀመጠችው።

«ይህን እኔ አልጻፍኩትም» አለች። «እኔ የጻፍኩት ሌላ ነው። ከሰባት ወር በፊት ጠዋት አንድ ሰዓት ለመተኛት ብዬ፣ የምንሠራበት ክፍልና ኮሪደሩ አንድ ዓይነት አየር አላቸው ብዬ ጻፍኩ። ውሸት ነበር። ጓደኞቼ ያልኳቸውን አምነው ነው የፈረሙት። አንዷ ማንበብ አይችሉም፤ ምን እንደሚል በደንብ አልነገርኳቸውም። ጥፋቱ የኔ ነው። የሚቀጣ ካለ ከኔ ይጀምር።»

ሪፖርቱን ከኪሷ አውጥታ ዘረጋች።

«ዛሬ ጠዋት እኚያ ሴትዮ ወደቁ። መስኮቱ ሁሉ በምስማር በተመታ ክፍል ውስጥ፣ እንፋሎት መሃል። ሪፖርቱ ሃያ ስምንት ዲግሪ ነበር ይላል። ሃያ ስምንት የኮሪደሩ ነው። ሪፖርቱ ይሄው፤ ፈርሚ ተብያለሁ፤ አልፈረምኩም። ይህ ወረቀት ከተላከ በዚህ ቁጥር ምክንያት የአሥራ ስምንት ዓመት ሥራቸው ገደል ገባ ማለት ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ሰብሳቢው ጎንበስ ብሎ ሹክ አለ። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እህታችን፣ ይህ የድርጅቱ የውስጥ ጉዳይ ነው። የዛሬው ርዕስ ስለ አየር ንብረት ነው። ይህን በቢሮ ብትነጋገሩ መልካም ነው።»

«በቢሮ ተነጋግረናል» አለች ጸሐፊዋ።

«እንግዲህ ጊዜ የለንም፤ የሚቀጥለው ተናጋሪ...»

«አንድ ጥያቄ ነው። አጭር ነው።»

ከታች አንድ ሰው «ትጠይቅ» አለ። ከሌላ በኩል ሌላው ደገመው። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ።

ጸሐፊዋ ማይክራፎኑን ከእግሩ ነቀለች። ገመዱ ጥቂት አጠራት፤ ሳበችው፤ መጣላት። መድረኩን በጎን ዞራ ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆመች።

«ደብዳቤዬን በአንድ ቀን ፈቅደውታል» አለችው። «ሲፈቅዱ ኮሪደሩ ክፍሉን እንደማይወክል ያውቁ ነበር ወይስ አያውቁም ነበር? ያውቁ ከነበረ ከውሸቱ እርስዎም አሉበት፤ እኛን ሲቀጡን ራስዎን ጨምረው ይቅጡ። የማያውቁ ከነበረ ደግሞ ሴትዮዋ ሃያ ስምንት ዲግሪ ላይ ነው የወደቁት ብለው ዛሬ የሚልኩት ምን አይተው ነው?»

ሥራ አስኪያጁ ውኃውን አነሳ፤ ሳይጠጣ አስቀመጠው። «ነገ ጠዋት ቢሮዬ ነይ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ ማይክራፎኑ ግን ቅርብ ስለነበር አዳራሹ ሁሉ ሰማው።

ማይክራፎኑን ጠረጴዛው ላይ፣ ከአፉ ፊት አስቀመጠችው። ወደ ወንበሯ አልተመለሰችም።

«ነገ አይደለም፤ ቢሮም አይደለም» አለችው። «ያውቁ ነበር ወይስ አያውቁም ነበር? እዚሁ፣ ይህ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ ይመልሱልኝ።»